ሰዓቱን ውሰጂ፣ ክኒኑን መልሺ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሻርጃ ሰው ቤት ስሠራ 6ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማዳሜ ሕንዳዊት ናት፣ የኬረላ ሰው። ክፉ አይደለችም። ጨጓራዬ ሲነሳብኝ እያየች ‹አዩርቬዳ› የሚሉትን የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ታስተምረኝ ጀመር፦ ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ ጠጪ፣ ማታ እርጎ አትብዪ፣ ቡና እሳት ነው ተዪው፣ አንቺ ‹ፒታ› ነሽ፣ ሰሊጥ ዘይት ተቀቢ። አንዳንዱን ሞክሬ ተሽሎኛል። በኋላ እናቴ ስኳርና ግፊት እንዳለባት ስነግራት፣ አገሯ ካለ የባህል ሐኪም ያስመጣችውን ጥቁር ክኒን ሰጠችኝ፤ ለእኔ ደግሞ ትሪፋላ የሚባል ዱቄት በጠርሙስ። ክኒኑን በሰው ላክሁላት፤ መውሰድ ከጀመረች 3 ሳምንት ሆናት። አሁን እናቴ ‹ከቅጠል የተሠራው ይሻለኛል› ብላ የሆስፒታሉን መድኃኒት አንድ ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች። ወንድሜ ተቆጥቶኛል። ማዳሜ ሂንዱ ስለሆነች ነገሩ ከእምነቴ ይጋጭ ይሆን ብዬም እፈራለሁ። እኔ ራሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት በእግሬ ነኝ። እራት የምበላው የመጨረሻውን ዕቃ አጥቤ ነው። ሆዴ ይደርቃል፣ ሽንት እየያዝሁ ሁለቴ ኢንፌክሽን አሞኛል። የቱን ልቀበል፣ የቱን ልተው?»

ስሜ ይቅር፣ ከሻርጃ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ። አንዱን ቡና እያፈላን ተረጋግተን እናወራዋለን፤ ሌላው ግን ቀን አይሰጥም። ከእሱ ልጀምር።

ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለወንድምሽ ደውዪ። እናትሽ ጥቁሩን ክኒን ዛሬውኑ ያቁሙ። እንዳይጥሉት ግን፤ ከነእሽጉ ይዘውት ነገ ወደሚከታተሉበት ሆስፒታል ይሂዱ። ስኳራቸው፣ ግፊታቸው፣ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው ይታይ፤ ደም ማነስ እንዳለባቸውም ይመርመሩ። የሆስፒታሉን መድኃኒት በታዘዘላቸው ልክ ይቀጥሉ፤ «ትናንት ዘልያለሁ» ብለው ግን እጥፍ እንዳይውጡ። ከሁሉ በላይ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት፦ ይህን ክኒን 3 ሳምንት ወስጃለሁ፣ የእናንተንም እየዘለልሁ ነበር ይበሉት። እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት ፋርማሲ መስኮት ኋላ ስለሆነ እናቶች ሐኪም እንዳይቆጣቸው ምን ያህል እንደሚደብቁ አውቃለሁ። ሐኪሙ ደግሞ ያልተነገረውን አያውቅም። ስኳሩን ከፍ ብሎ ሲያገኘው «መድኃኒቱ አንሷቸዋል» ብሎ መጠን ይጨምራል፤ እሳቸው ቤት ገብተው ደንግጠው በየቀኑ መዋጥ ይጀምራሉ፤ ያኔ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድና ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳት ይመጣል። በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ካለበት። የባህሉ ክኒን ራሱ ስኳር የሚያወርድ ቅጠል ካለውም በላዩ ላይ ይደረባል።

ክኒኑን ለምን ፈራሁት? አዩርቬዳ ውስጥ ራሳ ሻስትራ የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከቅጠል ይልቅ ማዕድን ይዞ ይሠራል፦ ሜርኩሪ፣ እርሳስ፣ ብረት፣ ወርቅ። ማዕድኑን ከቅጠል ጭማቂ ጋር ደጋግመው አሽተው፣ ደጋግመው አቃጥለው አመድ ያደርጉታል፤ ባስማ ይሉታል። በእነሱ እምነት እንዲህ የተቃጠለ ማዕድን መርዝነቱ ይጠፋል። የላቦራቶሪ ሚዛን ግን አይስማማም። በ2004 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተገዝተው ሲመረመሩ 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኘ። ከ4 ዓመት በኋላ በኢንተርኔት የሚሸጡ 193ቱ ሲመረመሩም ውጤቱ ያው ከ5 አንድ ገደማ ሆነ። በ2011 እና በ2012 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ 6 ነፍሰ ጡሮች ከእንዲህ ያለ ክኒን በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል። ከ5 አራቱ ንጹሕ ነው ብሎ የሚጽናና ይኖራል። እኔ ግን እናቴን በዚህ ዕጣ አላስገባም። እርሳስ ቶሎ አይታወቅም፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያደርቃል፣ ያደክማል፣ ደም ያሳንሳል፤ ኩላሊት ላይም ይሠራል፤ ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ለኩላሊቱ የሚሰጋ ነው። ሙሉ ስሙ፣ ይዘቱና ፋብሪካው ያልተጻፈበት ጥቁር ክኒን፣ የፈለገ ደግ ሰው ቢሰጥሽ፣ ከእጅሽ አይለፍ።

«ከቅጠል የተሠራው ይሻለኛል» ላሉት እናትሽ ደግሞ ይህን አጫውቻቸው። በብዛት የሚታዘዘው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን የዘር ሐረጉ ከቅጠል ነው። ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል አለ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ስኳር እንደሚያወርድ ታወቀ፤ መርዛማነቱ የቀለለ ዘመዱ በላቦራቶሪ ተሠራ፤ በ1957 ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕሙማን መስጠቱን አሳወቀ። እንግዲህ እናትሽ ሁለት የቅጠል ወገን መድኃኒት ይዘዋል። የአንደኛው መጠን በሚሊግራም ተለክቷል፤ የሌላውን መጠን የሚያውቅ የለም። ሕንዶቹም ራሳቸው ይህን መንገድ ሄደውበታል። ሳርፓጋንዳ የሚሉት ሥር ከጥንት ጀምሮ ለእንቅልፍ ማጣትና ለአእምሮ ሕመም ይሰጥ ነበር። በ1949 ሩስቶም ጃል ቫኪል የተባለ የቦምቤይ የልብ ሐኪም ግፊት እንደሚያወርድ በእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ፤ በ1952 ከሥሩ ውስጥ ሬሰርፒን ተለይቶ ወጣ፤ ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት። መጠኑ ሲበዛ ሰውን በድባቴ ይጥላል የሚል ስጋት የተነሳውም ከዚያ ወዲህ ነው። እኛም ኮሶ እናውቃለን፤ ኮሶን ያለ መጠን የጠጣ ምን እንደሚሆን አያቶችሽን ጠይቂ።

አሁን ቡናው ይፈላ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ባል ልብ ለማሳከም ኮቺ ከርሜ ነበር፤ የማዳምሽ አገር። ወሩ እነሱ ካርኪዳካም የሚሉት ነው፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በፈረንጅ ወር። ዝናቡ እንደኛ ክረምት አይደለም፤ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚወርደው። በየምግብ ቤቱ ውሃ ስትጠይቂ ሮዝ ውሃ ይመጣልሻል። የሎሚ ጭማቂ መስሎኝ ስኳር ጠየቅሁ፤ አስተናጋጁ ሳቀብኝ። ፓቲሙጋም የሚባል እንጨት የተፈላበት ተራ የመጠጥ ውሃ ነው። ሌላው ቤት ከሙን ያፈሉበታል። የተከራየንበት ቤት አሮጊት ደግሞ በየጠዋቱ ካንጂ ትሠራ ነበር፦ የተለየ ቀይ ሩዝ፣ የአካባቢው ቅጠላ ቅጠል፣ አብሽ፤ እንደ አጥሚት የቀጠነ። በዚህ ወር ዝናቡ የሆድን እሳት ያዳክማል፣ ስለዚህ ቀጭን ነገር፣ ሞቅ ያለ ነገር፣ ጥቂት ነገር ይላሉ። ልብ በዪ፣ አሮጊቷ አልታመመችም። ካንጂውን የምትጠጣው ላለመታመም ነው። ጠዋት ከዚያ ቤት ወጥቼ የልብ ሐኪም ዘንድ የምሄደው እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ አሮጊቷም የግፊት ክኒኗን ከካንጂው በኋላ ትውጥ ነበር። አንዱን ለአንዱ ስትለውጥ አላየኋትም።

የአዩርቬዳን ልብ ያገኘሁት እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙ ከሳንስክሪት ነው፤ አዩስ ሕይወት፣ ቬዳ እውቀት። ወደ 2000 ዓመት ገደማ የሚቆጠርለት፣ ቻራካ የሚባለው የጥንት ሐኪማቸው መጽሐፍ የሕክምናን ዓላማ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ የሚለው «የጤነኛውን ጤና መጠበቅ» ነው፤ የታመመውን ማዳን ሁለተኛ ይመጣል። ለዚህ ለመጀመሪያው ክፍል የሚሸጥ ነገር እምብዛም የለበትም፦ መቼ መነሳት፣ ምን ያህል መብላት፣ ምን አለመያዝ፣ መቼ መተኛት። ክኒኑ የሁለተኛው ክፍል ነው፤ በእሱ ላይ የሕንድ መንግሥት እንኳ 5 ዓመት ተኩል የተማረ ሰው ይፈልጋል። ማዳምሽ ሳታውቀው ሁለቱን ክፍል ቀላቅላ ሰጠችሽ። የመጀመሪያውን ከእናቷ ቤት ታውቀዋለች፤ ሁለተኛውን አታውቀውም።

«አንቺ ፒታ ነሽ» ያለችሽን ባጭሩ ላስረዳሽ። በእነሱ ትምህርት አካል ከ5 ነገሮች ተሠርቷል፦ መሬት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ነፋስና ጠፈር። እነዚህ ተጣምረው 3 ኃይሎች ይሆናሉ፦ ቫታ የነፋስ ወገን፣ ፒታ የእሳት፣ ካፋ የውሃና የመሬት። ሰው ሁሉ ሦስቱም አለው፤ ግን አንዱ ያይልበታል። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ አራቱን ባሕርያተ ሥጋ፣ መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስን፣ ይቆጥርልሻል። እኔ ይህን እንደ ቋንቋ እንጂ እንደ ምርመራ አልቀበለውም። «ፒታሽ ተነስቷል» ማለት «ቃጠሎ አለሽ፣ ትቆጫለሽ፣ ሙቀት አትችዪም» ለማለት ጥሩ አነጋገር ነው። ጨጓራሽ ውስጥ ባክቴሪያ ይኑር አይኑር ግን አይነግርሽም። እሱን የሚነግርሽ የሄሊኮባክተር ምርመራ ነው፤ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ነው፣ አያምም፤ የኢንሹራንስ ካርድሽን ይዘሽ ክሊኒክ ጠይቂ። ለራስ ምታት እያልሽ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የምትውጪ ከሆነም ተዪው፤ ጨጓራን የሚልጠው እሱ ነው። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ እምነትሽ ብዙ አላስጨንቅሽም። የኬረላ ክርስቲያኖች የሐዋርያው ቶማስ ልጆች ነን ይላሉ፤ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የእኛዋ ተዋሕዶ እህት ናት። እነሱም ወደ ባህል ሐኪሞቻቸው ይሄዳሉ። በ1902 የተመሠረተው ታዋቂው የኮታካል አዩርቬዳ ቤት ያለበት የማላፑራም አውራጃ ሕዝብም አብዛኛው ሙስሊም ነው። ሞቅ ያለ ውሃ ሃይማኖት የለውም። ጸሎት ድገሚ ወይም ለጣዖት ስገጂ ካላሉሽ በቀር፣ በጊዜ መብላትና እግር መቀባት ንስሐ አያስገባም። የቀረውን ለነፍስ አባትሽ ተዪው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። አዩርቬዳ የቀኑን ሥርዓት ዲናቻርያ ይለዋል። የእነሱም ቀን እንደኛ ከፀሐይ መውጫ ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለፈረንጅ ሰዓታችንን ማስረዳት ስለሰለቸኝ ይሆናል። ቀንና ሌሊቱን በ30 ሙሁርታ ይከፍሉታል፤ አንዱ 48 ደቂቃ ነው። መነሻ ሰዓት የሚሉት ፀሐይ ከመውጣቷ 2 ሙሁርታ ቀድሞ ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ትወጣለች ብንል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ24 ይጀምራል። አንቺ 11 ሰዓት ትነሻለሽ፤ በመነሳት በኩል ምንም አልጎደለብሽም። የጎደለብሽ መተኛቱ ነው። ቻራካ አካልን የሚሸከሙ 3 ምሰሶዎች አሉ ይላል፦ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ሥጋን መግዛት። ምሽት 5 ሰዓት ሥራ ጨርሰሽ፣ በልተሽ፣ ከቤተሰብ ጋር በስልክ ተጫውተሽ 7 ሰዓት ብትተኚ 4 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ምንም ዱቄት ቢነሰነስበት ጨጓራ አይድንም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብልሃት አለ። አዩርቬዳ አትያዟቸው የሚላቸው 13 የአካል ጥሪዎች አሉ። ልዘርዝርልሽ፦ ሽንት፣ ሰገራ፣ ዘር፣ ፈስ፣ ትውከት፣ ማስነጠስ፣ ግሳት፣ ማዛጋት፣ ረሃብ፣ ጥማት፣ እንባ፣ እንቅልፍ፣ ከድካም በኋላ የሚመጣ ቁና ቁና መተንፈስ። ሽንት የያዘ ሰው ፊኛው እንደሚታመም፣ ሰገራ የያዘ ሆዱ እንደሚነፋ ተጽፏል፤ ዛሬም ማንኛውም ነርስ ይህንኑ ትነግርሻለች። አንቺ ስንቱን ነው የምትይዢው? ሽንትሽን፣ ረሃብሽን፣ እንቅልፍሽን፣ ምናልባት እንባሽንም። መጽሐፉ በተቃራኒው ያዟቸው የሚላቸውም አሉ፤ ስግብግብነት፣ ቁጣ፣ ምቀኝነት፣ ትዕቢት። እነዚህን ግን ስንለቅ እንጂ ስንይዝ ብዙ አንታይም።

ስለዚህ ማዳምሽን በራሷ ቋንቋ አናግሪያት። «ማዳም፣ አንቺ ያስተማርሽኝ ጠቅሞኛል፤ አዩርቬዳ ግን ሽንትና እንቅልፍ አትያዢ ይላል አሉ፤ ቅርብ ያለውን መታጠቢያ ቤት እንድጠቀም፣ ማታ በጊዜ እንድተኛ ፍቀጂልኝ» በያት። ክፉ አይደለችም ብለሻል፤ ደግ ሰው በራሱ እውቀት ሲለመን እምቢ ማለት ያፍራል። ካልሰማች ደግሞ ሕግ አለ። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2022ቱ ቁጥር 9፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ። በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ነው። አንቺ አሁን በቀን 18 ሰዓት በእግርሽ ነሽ። ይህን ከቻራካ ቀጥሎ አንሺው፤ ከፊት ግን አታድርጊው፣ ፊት ካደረግሽው ጠብ ይሆናል። ኢንፌክሽኑ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ በውሃና በቅጠል አትታገዪው፤ ሽንትሽ ይመርመር፣ ትክክለኛውን አንቲባዮቲክ ጨርሰሽ ውሰጂ።

ስለ ምግብ መጠን፣ ቫግባታ የተባለው ሊቅ ሆድን 4 ቦታ ይከፍለዋል፤ ሁለቱን ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለነፋስ ባዶ ተወው ይላል። ይህን ለእኛ ሰው መንገር ከባድ ነው። «ጉርሻ ካልበዛ ፍቅር የለም» ብለን ያደግን ነን። የፋሲካን ሌሊት አስቢው፤ 55 ቀን ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ይወርድበታል፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያው የሆድ ሕመምተኛ ይሞላል። አዩርቬዳ ሆድን በመድኃኒት ያጠበ ሰው ወደ ምግብ የሚመለስበት መሰላል አለው፦ መጀመሪያ ቀጭን የሩዝ ውሃ፣ ቀጥሎ ወፍራም ገንፎ፣ ቀጥሎ የጥራጥሬ ሾርባ፣ ሥጋ በመጨረሻ። የዘንድሮን ጾም ስትፈቺ በአጥሚት ጀምሪና ዶሮውን ለምሳ አቆዪው፤ እኔ እንዲያ ካደረግሁ ወዲህ ትንሣኤን በጨጓራ አላሳለፍሁም።

ለአንቺ ትልቁ ነገር ግን የሚበላበት ሰዓት ነው። ቀኑ እኩል ሲሆን የሆድ እሳት ይበረታል ይላሉ፤ ዋናው ምግብ ያኔ ይበላ፣ ማታው ይቅለል። የእሳቱን ነገር ባታምኚበት እንኳ፣ ምሽት 5 ሰዓት ጠግቦ ወዲያው የሚተኛ ሰው አሲድ ወደ ደረቱ እንደሚወጣበት ማንም ሐኪም ይነግርሻል። ምሳሽን በ7 ሰዓት ተቀምጠሽ ብዪ፤ ቆመሽ እየጎረስሽ ዕቃ አትጠቢ። ለእራት ማዳምሽ ለልጆቹ ስታቀርብ ትንሽ ሳህን ለራስሽ ቀንሺና በ1 ሰዓት ተኩል ወይም በ2 ሰዓት ብዪ። ምሽት 5 ሰዓት ቢርብሽ ሞቅ ያለ ነገር ጠጥተሽ ተኚ።

ይህንንም በአንድ ቀን ለመለወጥ አትሞክሪ። ከአዩርቬዳ ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ትእዛዝ አለ፤ ከመጥፎው ልማድ ሩቡን ቀንስ፣ ከጥሩው ሩቡን ጨምር፣ አካሉ ሲለምድ ወደ ሁለተኛው ሩብ እለፍ ይላል። በድንገት የተተወ ነገር፣ መጥፎም ቢሆን፣ አካልን ያናጋል ብለው ነው። ቡናሽን በዚህ ለኪው። (ቡናን በተመለከተ ማዳምሽን አትፍሪያት፤ የቻራካ ዘመን ሕንድ ቡና አታውቅም ነበር፤ ከእኛ ተነስቶ በየመን በኩል የደረሳቸው ብዙ ቆይቶ ነው። «መጽሐፉ ከልክሎታል» ካለችሽ መጽሐፉን ታሳይሽ።) በባዶ ሆድና ከ9 ሰዓት በኋላ የምትጠጪው ግን ጨጓራሽንም እንቅልፍሽንም ይነካል። በቀን 4 ስኒ ከሆነ የማታውን ቀንሺና 3 አድርጊው። ሁለት ሳምንት ቆይተሽ የጠዋቱን ከቁርስ በኋላ አዙሪው። እዚያው ይቁም፤ አቦልን የሚያስጥል ሕክምና እኔ አልመክርም።

ሌላ ደግሞ ሳትሚያ የሚሉት ሐሳብ አላቸው፤ የለመድሽውና የአገርሽ ምግብ ለአንቺ ይስማማል ማለት ነው። ማዳምሽ ሩዝና ኮኮናት ጤና ነው ብትልሽ ለእሷ እውነቷን ነው። አንቺ ጤፍና ምስር ለምደሻል፤ ለሆድ ድርቀትሽም እነሱ ይሻላሉ፤ ተልባ አጥሚት ጨምሪበት፣ ውሃ አብዢ። የጠዋቱ ሞቅ ያለ ውሃ ጥሩ ነው፣ ቀጥዪበት፤ ሆድ ያንቀሳቅሳል። እርጎን ማታ ያለመብላት በእርግጥ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ፤ ካልከበደሽ ግን ብትበዪው ምንም አትሆኚም።

ቅባቱንስ? ይህ ደስ ይበልሽ። ቫግባታ በየቀኑ ተቀቡ ካለ በኋላ «በተለይ ራስ፣ ጆሮና እግር» ይላል። የደሴ እናት አናት ላይ ቅቤ ስታደርግ ማን አስተማራት? ማታ ከመተኛትሽ በፊት የሰሊጥ ዘይት ሞቅ አድርገሽ የውስጥ እግርሽን 5 ደቂቃ እሺው። ቀኑን ሙሉ ንጣፍ ላይ ለቆመ እግር ይህን የመሰለ ነገር የለም፤ እንቅልፍም ያመጣል። ግን ካልሲ አድርጊበት፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እንዳያንሸራትትሽ። ጆሮ ውስጥ ዘይት አታፍስሺ፤ እዚህ ላይ ሊቁን አልከተለውም። ዘይት አፍ ውስጥ ይዞ መጉመጥመጥም አለ፤ ብትወጂው አድርጊው፣ የጥርስ ብሩሽሽን ወይም መፋቂያሽን ግን አይተካም።

የቀረው የጠርሙሱ ዱቄት ነው። ትሪፋላ ማለት ሦስት ፍሬ ማለት ነው፤ አማላኪ፣ ሀሪታኪ፣ ቢቢታኪ የሚባሉት ፍሬዎች ደርቀው የተፈጩ። ሆድ ያለሰልሳል፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱ እናትሽም አይላክ። ጠርሙሱ ላይ የፋብሪካ ስም፣ ይዘትና የሚያበቃበት ቀን ከሌለ አንቺም አትጠጪው። «አሽዋጋንዳ» የሚባል ሌላ ዱቄት ለእንቅልፍ እሰጥሻለሁ ካለችሽም ምስጋና ብቻ ይብቃት፤ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፤ ዴንማርክ በ2023 አግዳዋለች። ማዳምሽ የግድ መድኃኒት ካሰኛት፣ ኤምሬትስ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የአዩርቬዳ ሐኪሞች ስላሉ እነሱ ዘንድ ወስዳ ታስመርምርሽ፤ አገር ቤት ያለ ሰው ግን ሳያይሽ መድኃኒት አይላክልሽ።

ስትመልሽላት እንዲህ በያት፦ «እናቴ የሐኪም መድኃኒት ስለምትወስድ ሐኪሟ ከለከላት። ውሃውንና ዘይቱን ግን ከአንቺ ተምሬ አልተውም።» ውሸት አይደለም፤ ወንድምሽ ነገ ሐኪሙን ሲያገኘው ይኸንኑ ነው የሚነግረው። በሁለት እጅሽ ስጪያት። ለእናትሽ ደግሞ የሚላክ ነገር ከፈለግሽ የስኳር መለኪያ መሣሪያና የመለኪያ ወረቀት ላኪላቸው፤ ከዚያ ክኒን ይልቅ እሱ ይጠቅማቸዋል።

የሐኪሙን ወረቀት ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ አንቺም ለእኔ ላኪው። የኩላሊቱን ውጤት ሳላይ አልተኛም።